ለቮልስ ሞተር የትኛው የቴስታታ ስተድ? 10 ሚሜ፣ 8 ሚሜ፣ ክሮሞሊ ወይስ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ

የቮልስ ሞተር ወርዶ ሲፈታ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ፒስተን፣ ስለ ሲሊንደር፣ ስለ ብሮንዚን ነው። ስለ ስተድ የሚያወራ የለም። 16 ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። በቤንዚን ታጥበው ጥግ ይቀመጣሉ፣ ሞተሩ ሲገጠም ይመለሳሉ፣ አለቀ። ከዚያ መኪናው ወጥቶ ብዙም ሳይነዳ ከአንዱ ጎን ትፍ ትፍ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ባለቤቱ ማርሚታ ነው ብሎ ማርሚታ ያስበይዳል፣ ድምፁ አይጠፋም፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ አይጠፋም፣ በመጨረሻ ሞተሩ እንደገና ይወርዳል። ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የሚዘጋው ክዳን፣ ላልቷል። ስተዱ ጥርሱን ይዞ ከብሎኩ ወጥቷል።

ስተድ የምለው ራስ የሌለውን፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለውን ረጅም ዘንግ ነው። አንዱ ጫፍ ብሎኩ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው በሲሊንደሩ ጎን አልፎ ቴስታታውን በስቶ ይወጣና በራንዴላና በዳዶ ይታሰራል። ለእያንዳንዱ ቴስታታ 8፣ በድምሩ 16።

ገበያ ላይ ምርጫው ብዙ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። በቮልስ ሞተር ላይ ደካማው ስተዱ አይደለም፣ ስተዱ የተቀበረበት የብሎክ ጥርስ ነው። ስለዚህ "የትኛው ስተድ ይጠነክራል?" ብሎ መጀመር ገንዘብን ወዳልተበላሸው ቦታ መውሰድ ነው።

ለምንድነው የሚነቀለው?

የቮልስ ብሎክ የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ቀላል ነው፣ ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፣ ግን ለስላሳ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ስተዱ ስቲል። አራት ዓይነት ነገር በአንድ ላይ ታስሮ ይሞቃል ማለት ነው። አንድ ሜትር ስቲል ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 1.2 ሚሜ ያህል ያድጋል፣ አሉሚኒየም 2.3፣ ማግኒዥየም ደግሞ 2.6 ገደማ። ሞተሩ ሲግል ቴስታታው ከስተዱ በላይ ማደግ ይፈልጋል፣ ስተዱ አይለቀውም፣ በመካከል ኃይሉ በሙሉ ያ ለስላሳ ጥርስ ላይ ያርፋል። ሲበርድ ይመለሳል። ነገ ደግሞ እንደገና። ከ50 ዓመት በላይ እንዲህ የተለጠጠ ጥርስ ነው ጋራዥ የሚደርሰው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው ቮልስም ሆነ ዛሬ ሰፈራችሁ ቆሞ የምታዩት፣ በዚህ በኩል ልዩነት የላቸውም።

3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የባሰ ይሞቃል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እሱ የሚሄደውን አየር መንገድ ላይ ስለሚይዝበት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ገደማ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ መስመር አወጣው። ስለዚህ ፍለጋ ስትጀምሩ ከ3ኛው ጀምሩ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ይህ ሞተር ደግሞ የሚበርደው በአየር ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ያን ያህል አያስጨንቅም። ግን የዓባይን በረሃ ከድልድዩ እስከ ደጀን ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ የሚወጣ ቮልስ፣ ስተዱን ሙሉ ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኩን ፈትሹ

ስተዶቹ ገና ብሎኩ ላይ እያሉ ከብሎኩ ፊት እስከ ጫፋቸው ያለውን ርዝመት ለኩ። የሁሉም ርዝመት እኩል አይደለም፣ ስለዚህ አንዱን ስተድ በሌላው ጎን ተመሳሳይ ቦታ ካለው ጋር አወዳድሩ። ከጓደኛው በሚሊሜትር ወጣ ያለ ካለ መነቀል ጀምሯል። ከዚያ ከየት እንደወጣ ሳትጽፉ አንድም ስተድ አትፍቱ። ወረቀት ላይ ሳሉት፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ላይ ሰኩት፣ እንደፈለጋችሁ። ብቻ ባልዲ ውስጥ አትቀላቅሉት።

አወጣጡም ዋጋ አለው። በቧንቧ ቁልፍ ገላውን ነክሶ ማውጣት በየጋራዡ የሚታይ ነው። ስተዱን እንደገና የምትጠቀሙበት ከሆነ ያ የጥርስ ምልክት ነገ የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው። ሁለት ዳዶ እርስ በርስ አጥብቃችሁ በውስጠኛው ዳዶ ፍቱት። እምቢ ካለ ብሎኩን በመጠኑ አሙቁት።

ከወጣ በኋላ መስታወት ላይ አንከባሉት። ከዘለለ ጎብጧል። ዳዶ በእጅ ብቻ ሙሉውን ጥርስ ይውረድ። መሀል ላይ የሚይዝበት ወይም ጥርሱ የቀጠነ የሚመስልበት ቦታ ካለ ተለጥጧል። ዝገቱ ላዩን ብቻ ከሆነ ይጸዳል፣ ጉድጓድ ከሠራ ግን ይጣል።

ምርጫ አንድ፦ የነበረውን 10 ሚሜ ስተድ በነበረው ጥርስ መመለስ

ከሁሉ ርካሹ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህን ነው። ብሎኩ ጤነኛ ከሆነ፣ ማለትም ጥርሱ ተሞክሮ የሚይዝ ከሆነ፣ ሞተሩ ደግሞ 1200 ወይም 1300 ሲሲ ሆኖ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ፣ አልቃወምም። ጥርሱን የምትሞክሩት ባዶ ሲሊንደርና ቴስታታ ገጥማችሁ በ32 ኒውተን ሜትር በማሰር ነው። ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ) ሳይናገር ዳዶው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ያ ጥርስ አልቋል። አንዱ ካለቀ ደግሞ ሌሎቹ 15ቱ የዚያው ዘመን፣ የዚያው ሙቀት ናቸው። "አንዱን ብቻ እንጠግን" የሚል መካኒክ ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱት።

ምርጫ ሁለት፦ ቦኮላ አስገብቶ በ10 ሚሜ መቀጠል

ሻጮች ኬዝ ሴቨር ይሉታል። ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የስቲል ቦኮላ ነው። የድሮው ቀዳዳ ይሰፋል፣ በማስኪዮ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ቦኮላው በቀይ ሎክታይት ይገባል፣ ስተዱ በውስጡ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የውጭ ጥርሱ 14 ሚሜ የሆነ ነው። ከዚህ ወዲያ ማግኒዥየሙን የሚይዘው በ10 ፈንታ 14 ሚሜ ዙሪያ ስለሆነ በዚያው ጥልቀት መያዣው 40 በመቶ ይጨምራል። ስተዱም ስቲልን በስቲል ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ወደፊት ስተድ ቢወጣ ቢገባ ብሎኩ አይጎዳም።

ለእኔ ዋናው ጥገና ይህ ነው፣ የቀረው ሁሉ ተጨማሪ ነው። ብሎኩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ታጥቦ፣ ባዶ ሆኖ የተቀመጠበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በኋላ ለዚህ ሥራ ብቻ ሞተር ማውረድ ያበሳጫል።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀዳዳው ከብሎኩ ፊት ጋር ፍጹም ቀጥ ያለ መሆን አለበት፣ ትንሽ ካዘነበለ ስተዱ ያዘነብላል፣ ቴስታታው በግድ ይገባል፣ ሲሊንደሩ በእኩል አይቀመጥም። በእጅ በተያዘ ትራፓኖ የሚሠራ ነገር አይደለም። ማሽን ላይ ብሎኩን አስሮ የሚበሳ ቶርኖ ቤት ፈልጉ፣ ከዚህ በፊት ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁት፣ ካልሠራ ደግሞ 12.5 ሚሜ ተበስቶ 14 በ1.5 ማስኪዮ እንደሚገባ ነግራችሁ በአሮጌ ብሎክ ላይ አንድ ቀዳዳ ይሞክርላችሁ። ቦኮላው ሲገባ ከብሎኩ ፊት በታች ይሁን። በፀጉር ያህል እንኳን ከፍ ካለ ሲሊንደሩን ያነሳዋል። ደግሞም የማግኒዥየም ፍቅፋቂ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም፣ ውሃ ያባብሰዋል። አጠገባችሁ ደረቅ አሸዋ ይኑር፣ ብየዳውም ከዚያ ክፍል ይራቅ።

ሄሊኮይልስ? ያ የተጠመዘዘው ሽቦ። ቀዳዳውን ብዙ አያሰፋም፣ ዙሪያው ቀጭን ለሆነ ቦታ ጥሩ ነው፣ ለካንዴላ ጥርስ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ለቴስታታ ስተድ ግን ሙሉ ቦኮላ እያለ እሱን የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ምርጫ ሦስት፦ ወደ 8 ሚሜ መቀየር

ይህ ሲነገር ብዙ ሰው ይስቃል። የተነቀለውን ችግር ለመፍታት የቀጠነ ስተድ? አዎ። ፋብሪካው ራሱ ያደረገው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ገደማ ጀምሮ 10 ሚሜውን ትቶ 8 ሚሜ ስተድ ከፋብሪካ ከገባ ቦኮላ ጋር መግጠም ጀመረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስተድ እንደ ላስቲክ ነው፣ በቀጠነ ቁጥር በቀላሉ ይለጠጣል። የ8 ሚሜ ዘንግ ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ፊት ስፋቱ የ10ሩን 64 በመቶ ነው። ቴስታታው ሲሞቅ በሚያድገው ልክ ሁለቱም እኩል ይለጠጡ ብንል፣ 8 ሚሜው በጥርሱ ላይ የሚጨምረው ጉተታ በ36 በመቶ ያነሰ ነው። ወፍራሙ አልለጠጥም ሲል ጥርሱን ይነቅላል። ቀጭኑ እሺ ብሎ ይለጠጥና ሲበርድ ይመለሳል። ቴስታታውን ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ከ8 ሚሜ አቅም በላይ አይደለም።

ጉዳቱ ወጪው ነው። ቦኮላው ውስጡ 8 ሚሜ የሆነ መሆን አለበት፣ 16 አዲስ ስተድ፣ 16 ራንዴላ፣ 16 ዳዶ። ራንዴላው የ10ሩ ሆኖ ይቅር ማለት አይቻልም፣ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ዳዶው አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰምጣል። ዕቃውን እዚህ ፍለጋ የመለዋወጫ ሰፈር የሆነውን ሶማሌ ተራን ከመዞር፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሙሉ ስብስቡን አንድ ላይ ማስመጣት ይሻላል፣ ከሻንጣ ብዙ ኪሎ አይወስድም። ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ ስተድ ርዝመቱ አይገጥምም።

ሌላው አደጋ የሰው ነው። 8 ሚሜ የሚታሰረው በ25 ኒውተን ሜትር ነው፣ በፉት ፓውንድ 18። የ10ሩ 32 ነው፣ በፉት ፓውንድ 23። ከእናንተ በኋላ ሞተሩን የሚነካ መካኒክ የለመደውን 32 ካሰረበት ይለጥጠዋል። እኔ ብሆን የሞተሩ ቆርቆሮ ላይ በቀለም "8 ሚሜ፣ 25" ብዬ እጽፍ ነበር።

ምርጫ አራት፦ ክሮሞሊ

ክሮሞሊ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተጨመረበት ጠንካራ ስቲል ነው። የሽያጭ ጽሑፉ ያጓጓል። የእሽቅድምድም መኪና ላይ ያለው ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም። እውነት ነው፣ ሳይበላሽ የሚሸከመው ጭነት ከተራው ስተድ በብዙ ይበልጣል። ግን ሰው የሚስተው ነገር አለ። የስቲል ግትርነት በቅይጥ አይቀየርም ማለት ይቻላል። 10 ሚሜ ክሮሞሊ በሥራው ላይ የሚለጠጠው ልክ እንደ ተራው 10 ሚሜ ነው። ስለዚህ ጥርሱን የመንቀል ጠባዩም ያው ነው። እሱ አይበጠስም፣ ብሎኩ ነው የሚሸነፈው።

መቼ ይጠቅማል ካላችሁ፣ ሲሊንደሩ ለሰፋ፣ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ላለ፣ ሁለት ካርቡሬተር ለተገጠመለት ሞተር፣ ያውም በቦኮላ ላይ፣ ያውም 8 ሚሜ ሆኖ። ለ1300 ታክሲ ለነበረ ቮልስ ክሮሞሊ መግዛት ገንዘብ ለበዛበት ሰው ነው። ያን ገንዘብ ለቦኮላው ሥራ አውሉት።

በነገራችን ላይ ይህ የቮልስ ብቻ ጣጣ አይደለም። ፖርሽ 911ም በማግኒዥየም ብሎክ በተሠራባቸው ዓመታት፣ በተለይ 2.7 ሊትሩ፣ ስተድ በመንቀል የታወቀ ነው። በኋላ ፖርሽ ዲላቫር የተባለ፣ ሲሞቅ ከተራ ስቲል ይበልጥ የሚያድግ ቅይጥ ስተድ አመጣ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ግን ዝገት እየበላው ይበጠስ ጀመር፣ ዛሬ ብዙ ባለሙያ ሞተሩን ሲከፍት ያወጣዋል።

ምርጫ አምስት፦ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ

አዲስ አበባ ላይ ይህ ምርጫ ሁልጊዜ አለ። ዕቃው ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ዘንግ ተቆርጦ ጥርስ ይወጣለታል፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። የቶርኖ ባለሙያዎቻችንን እጅ አልንቅም፣ ብዙ መኪና በእነሱ ነው የቆመው። ችግሩ እጁ ሳይሆን ብረቱ ነው። ምን ዓይነት ስቲል እንደሆነ የማይታወቅ ዘንግ ቶርክ ሲደረግ ይለጠጥና አይመለስም፣ ያን ጊዜ ቴስታታው ሳይታወቅ ይላላል። በተጨማሪ የፋብሪካ ስተድ ጥርሱ በመጫን የተቀረጸ ነው፣ በቶርኖ የወጣው ግን ተቆርጦ ነው፣ የተቆረጠ ጥርስ ሥሩ ላይ ቶሎ ይደክማል።

ለማርሚታ ስተድ፣ ለካርቡሬተር ስተድ ይሁን። ለቴስታታ ግን ከሚገኝ ጤነኛ አሮጌ የፋብሪካ ስተድ በፊት አላስቀምጠውም። ከሌላ ከተበላሸ ሞተር የወጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ዝገቱ ላዩን ብቻ የሆነ ስተድ ከአዲስ ተራ ብረት ይበልጣል።

ታዲያ የትኛውን?

ብሎኩ ተከፍሎ ከሆነና ገንዘቡ ካለ 16ቱንም ቦኮላ አስገቡና 8 ሚሜ ግጠሙ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቦኮላውን አስገቡና የድሮዎቹን 10 ሚሜዎች መልሱ። ብሎኩ ካልተከፈተ፣ ጥርሱም ከያዘ፣ በነበረው ቀጥሉ፣ ግን በቶርክ ሬንች። እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ የተሠራ ብሎክ ከሆነ ቦኮላው ከፋብሪካ ሊኖረው ይችላልና ሳታዩ አትበሱ። ክሮሞሊ ለትልቅ ሞተር ብቻ።

ስትገጥሙ

ቀዳዳውንና ጥርሱን ከዘይት አጽዱ። ስተዱ በእጅ ይግባ፣ መጨረሻ ላይ በሁለት ዳዶ በትንሹ ይታሰር፣ ከዚያ ይብቃው። ስተዱን ብሎኩ ውስጥ አስጨንቆ ማጥበቅ ምንም አይጨምርም፣ መያዣው ኃይል የሚመጣው ከላይ ካለው ዳዶ ነው። ቀዳዳው ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ዘይት በጥርሱ ተከትሎ ስለሚወጣ ማሸጊያ ቀቡት፣ በቫልቭ ከቨሩ ውስጥ ያሉት ዳዶዎች ሥርም እንዲሁ።

የፑሽሮድ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች) ቱቦዎቹንና ሲሊንደር ሥር የሚገቡትን የአየር ቆርቆሮዎች ሳታስገቡ ቴስታታውን አትግጠሙ። ቆርቆሮዎቹ ዘንድሮ "ምን ይሠራሉ" ተብለው ከብዙ ሞተር ተጥለዋል። የሚሠሩት ቀዝቃዛውን አየር ሲሊንደሩ ላይ ማቆየት ነው፣ እነሱ ሳይኖሩ ስለ ስተድ ማውራት ከንቱ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ዳዶ በ10 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ በመጨረሻው ልክ። የፋብሪካው ማኑዋል ለሁለቱ ዙር የተለያየ ቅደም ተከተል ይሰጣል፣ ሥዕሉን አጠገባችሁ አድርጉ። ጥርሱ ላይ ዘይት ከቀባችሁ ለሁሉም ቀቡ፣ አንዱ ደረቅ አንዱ ዘይት ከሆነ ቶርክ ሬንቹ አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳያችሁ ጉተታው ይለያያል። ግራፋይት ወይም ሌላ በጣም የሚያንሸራትት ቅባት ደግሞ በዚያው ቁጥር ስተዱን ከሚገባው በላይ ይጎትተዋል። "በእጄ አውቀዋለሁ" የሚል ካለ እጁን አክብሩለት፣ ቶርክ ሬንቹን ግን ስጡት።

ሞተሩ ከተነሳና ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከሄደ በኋላ፣ ሌሊቱን አድሮ በርዶ ሳለ የቫልቭ ክፍተቱን ለኩ። በኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሜ ነው። ክፍተቱ በአንድ ሲሊንደር ላይ በየጊዜው እየጠበበ ከሄደ ቫልቩን ጠርጥሩ። እየሰፋ ከሄደ ግን ቴስታታው ወደ ውጭ እየተገፋ ነው፣ በዚያ በኩል ያለውን ስተድ ተመልከቱ። ድምፁ ከመጀመሩ፣ የቴስታታውም ፊት በእሳት ከመበላቱ በፊት የሚገኝ ምልክት ይህ ነው።